ቤዝቦል መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ

መጀመሪያ ሕጉን በቃሌ ለመያዝ ነበር የምታገለው። አልሆነም። አሁን የምማረው በአንድ ቡድን ታሪክ ነው፣ በዋሽንግተን ናሽናልስ። እዚሁ ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች በአረንጓዴው ባቡር ሄዶ ኔቪ ያርድ መውረድ ነው፣ ስታዲየሙ እዚያው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድኑ የተወለደው ሞንትሪያል ነው፣ በ1969፣ ስሙም ኤክስፖስ ነበር። በ1994 74 አሸንፎ፣ 40 ብቻ ተሸንፎ፣ ከሁሉም በላይ ሆኖ እየመራ ሳለ የሊጉ ተጫዋቾች በሙሉ የሥራ ማቆም አድማ መቱና የዓመቱ ውድድር እዚያው ላይ ቀረ፤ ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስም አልተደረገም። ይህን ሳነብ አንጀቴን ነው የበላኝ። በ2005 ወደ ዋሽንግተን መጣ። ከተማዋ የቀድሞ ቡድኗ ከ1971 ውድድር በኋላ ወደ ቴክሳስ ስለሄደባት ከ30 ዓመት በላይ ያለ ቤዝቦል ነው የኖረችው።

ብዙ የተማርኩት ግን ከ2019 ነው። ሜይ ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። በእግር ኳስ ዓይን ሲታይ ያለቀለት ቡድን ነው። ግን የዓመቱ ጨዋታ 162 ነው! ቀስ እያሉ ወጡ። ከሚልዋኪ ጋር ባደረጉት የሞት ሽረት ጨዋታ 3 ለ 1 እየተመሩ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ደረሱ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል)፣ ሦስቱም ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጮች በሚቆሙባቸው ማረፊያዎች ላይ፣ የናሽናልስ ሰው ቆሟል፣ ያኔ የናሽናልሱ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ኳሷን መታት፣ ኳሷ የቀኙን ተከላካይ አመለጠችው፣ ሦስቱም ሮጠው ነጥብ አስገቡ።

ፍጻሜው፣ ወርልድ ሲሪስ፣ ከሂዩስተን ቡድን ጋር ነበር፤ እስከ ሰባት ጨዋታ ሄደ፣ ሰባተኛው ሂዩስተን ላይ ነበር። የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን ቢጫ ምሰሶ ነካች። እኔ ከወሰን ውጭ ወጣች ብዬ ነበር። ለካ ምሰሶውን የነካ ኳስ ሆም ራን ነው፣ መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያስገባበት ምት! ቪዲዮውን እየመላለስኩ ነው ያየሁት፣ ድምፁ ራሱ ይሰማል። 6 ለ 2 አሸነፉ። ከሰባቱ ጨዋታ አንዱንም ባለሜዳው አላሸነፈም።

ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ነው። በ2022 ሶቶን ለሳንዲዬጎ ቡድን ሰጡት፣ በዚያው ዓመት 107 ጊዜ ተሸነፉ። ሰውዬውን መስጠታቸው አሁንም ያናድደኛል፤ ግን ሲጄ ኤብራምስና ጄምስ ዉድ በእሱ ልዋጭ ነው የመጡት፣ ዉድ ሲመታ ማየት ደግሞ ደስ ይላል። በ2025ም 96 ተሸነፉ፣ አሠልጣኙም ሥራ አስኪያጁም ጁላይ ላይ ተሰናበቱ።

የኔ ልምምድ አሁን ጨዋታውን በወረቀት መመዝገብ ነው። ሜዳ ላይ የሚከላከሉት ተጫዋቾች የሚቆሙበት እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ 6-4-3 ብዬ ከጻፍኩ ኳሷ ከ6 ቁጥር ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3 ሄዳ በአንድ ምት ከመቺው ቡድን ሁለት ሰው ከጨዋታ ውጭ ሆነ ማለት ነው። እስካሁን ስድስት ኢኒንግ ድረስ ሳልሳሳት መዝግቤያለሁ፣ የሚቀጥለው ግቤ ዘጠኙንም መጨረስ ነው። ወረቀቱን የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ፣ ኮፒ አደርግለታለሁ።