ፊት መንሳት

የእናቴ አክስት ከመንዝ መጥተው አዲስ አበባ አንድ ዘመድ ቤት አረፉ። ሳምንት ሊቆዩ ነበር ሐሳባቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ጓዛቸውን ይዘው እኛ ቤት ደረሱ። እናቴ ደነገጠች።

«ምን አሉዎት እማማ?»

«ምንም አላሉኝም። ፊት ነሱኝ እንጂ።»

እናቴ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ቁርስ ማቅረብ ጀመረች።

አማርኛ ለክፋት ስም አላነሰውም። ጭካኔ አለ፣ ምቀኝነት አለ፣ ንፍገት አለ፣ ተንኮል አለ። እነዚህን ሁሉ ለመክሰስ ግን አንድ የተደረገ ነገር ማሳየት ይቻላል። የጨከነ ሰው መትቷል ወይም አባሯል። የነፈገ ሰው ከልክሏል። ፊት የነሳ ሰው ምን አደረገ ቢባል ግን ቆጥሮ ማስረዳት ያስቸግራል። ለእማማ ዶሮ ተሠርቶላቸዋል፣ አልጋም ተነጥፎላቸዋል። ግን ተሸክመውት የመጡት በሶ ሳይፈታ ጥግ ላይ ቀረ። ስለ አገር ቤት ሲያወሩ የቤቱ እመቤት ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። እራት ላይ ደግሞ «መቼ ነው የሚመለሱት?» አለቻቸው። በኋላ ለእናቴ ደውላ «ምን አጎደልኩባቸው?» ስትል አለቀሰች። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እናቴም «ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት።

«ነሳ» የሚለውን ግስ ልብ ብላችሁ እዩት። እንቅልፍ ነሳኝ እንላለን፣ ሰላም ነሳኝ እንላለን፣ ዕረፍት ነሳኝ እንላለን። ኢዮብም «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» አለ። ሰው የሚነሳው የነበረውን ወይም የሚገባውን ነው። ስለዚህ ጎዳና ላይ የማላውቀው ሰው ሳያየኝ ቢያልፍ ፊት ነሳኝ አልልም። ከእሱ የምጠብቀው ፊት አልነበረኝም። አክስቴ ብታልፈኝ ግን እላለሁ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ከሩቅ ሰላም ብላኝ ዞር ብትል እላለሁ። ቢሮ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ወረቀቴን ሳያይ «ነገ ተመለሺ» ቢለኝም እላለሁ። እዚያ ቦታ የተቀመጠው እኔን ሊያስተናግድ ነውና። (ይኸው ግስ ከእጅ ጋር ሲሆን ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። እጅ መንሳት ማክበር ነው፣ ፊት መንሳት ማሳፈር።)

መዝሙረ ዳዊት ላይም ሰው ፈጣሪውን «ፊትህን ከእኔ አትመልስ» እያለ ይለምናል። እህል ስጠኝ ብቻ አይልም።

ሕጉ ይህን በደል አያውቀውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብን ያስቀጣል፣ ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። ፊት በመንሳት ግን ማንም አይከሰስም። መከሰስ አለበትም አልልም። ሽማግሌዎች ፊት ግን ነገሩ በደንብ ይታወቃል። ባልና ሚስት ሲሸመገሉ «አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ግን ፊት ነስቶኛል» ብትል፣ ደህና ሽማግሌ «ታዲያ ምን ሆንሽ?» አይላትም። ወደ ባልየው ይዞራል። ቃሉን የምወደው ለዚህ ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው በደሉን የሚናገርበት ነው።

የሚያናድደኝ ተቃራኒው ነው፣ ፊት መስጠት። ፊት መንሳት ክፉ ከሆነ ፊት መስጠት ደግነት መሆን ነበረበት። እኛ ግን በብዛት የምንጠቀምበት ለማስጠንቀቂያ ነው። «ለልጅ ፊት አትስጪ።» «ፊት ብሰጠው ራሴ ላይ ወጣ።» ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በየቤቱ፣ ቡና ላይ ሳይቀር የሚባለው ነው፦ «ለሠራተኛ ፊት አይሰጥም።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ አይገርመኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ ለነዳያን የሚመጸውቱ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሴቶች ሲሉት ሰምቻለሁ። ከገጠር የመጣች ልጅ እናቷን ትታ፣ ሰፈር ሳታውቅ፣ ሌሊት ተነስታ ሊጥ ታቦካለች። ቀኑን ሙሉ ስሟ የሚጠራው የጎደለ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ይህን እንደ ብልሃት ለአዲስ ሙሽራ እንመክራለን። ስሙን «ሥርዓት ማስያዝ» አልነው እንጂ ፊት መንሳት ነው። እንዲያውም ከእማማው ይብሳል። እማማ በማግስቱ ጓዛቸውን ይዘው የሚሄዱበት ቤት ነበራቸው።

ጎረቤታችን ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ባለፈው ክረምት ሥራ ቀየረች። አዲሱ ቤት ብዙም አይርቅም፣ ሱቅ ስትወጣ እንገናኛለን። ደሞዟ ከድሮው ያነሰ መሆኑን ስሰማ ለምን እንደሄደች ጠየቅኋት።

«እዚህ ሲገቡ እንዴት ዋልሽ ይሉኛል» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ደሞዙ ግን እንዲሁ መቅረት የለበትም። እንዴት ዋልሽ ማለት ብር አይቀንስም። አዲሷን አሠሪዋን በማኅበር ስለማውቃት፣ በሚቀጥለው ስንገናኝ ይህንኑ እነግራታለሁ።