ስልኩን ማን ነካው?

ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር እምቢ ሲል የሚጠራው እኔ ነኝ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥም እኔ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው የጋራ ስልክም በእኔ ስር ነው። ደንበኛ የሚደውለው፣ ፋይል የሚልከው በሱ ነው። ያረጀ ነው፤ አንድሮይድ 9 ላይ ቆሞ ቀርቷል።

አንድ ጠዋት እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች። የሞተ አይጥ የያዘች ነው የምትመስለው።

«ስልኩ አብዷል» አለችኝ።

እውነትም አብዷል። ቁጥር ልንመታ ስንል የቁማር ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሞላዋል። ያንን ስንዘጋ ሌላ ይመጣል። ሁለት ጌሞችና «ስልክዎን አጸዳለሁ» ባይ አንድ አፕ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ተደርድረዋል። (የእነዚህን የጽዳት አፖች ነገር አንድ ቀን ለብቻው እጽፈዋለሁ። እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ቆሻሻው ራሳቸው ናቸው።)

«ማን ነካው?» አልኩ። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ክስ ነበር። እሷም ገብቷታል።

«እኔ ጌም አልጫንኩም።»

አላመንኳትም። ጌሞቹን አጥፍቼ ስልኩን መለስኩላት። በማግስቱ ጌሞቹ እንዳሉ ተመልሰዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎግል አካውንቱን ነው። አካውንቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከቀረ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከፕሌይ ስቶር ድረ ገጽ ላይ ሆኖ አፕ ወደ ስልኩ መላክ ይችላል። ስልኩን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አየሁ። ከስልኩ በቀር ምንም የለም።

ከዚያ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ማስታወቂያው እስኪመጣ ጠብቄ፣ በቅርብ የተከፈቱ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስም የሌለው፣ ምልክቱም ባዶ የሆነ አፕ ብቅ አለ። ሴቲንግ ገብቼ ላጠፋው ስል ማጥፊያው ደብዝዟል። ለካስ አጅሬ ዲቫይስ አድሚን፣ ማለትም የስልኩ አስተዳዳሪ፣ ሆኖ ተሹሟል! ሹመቱ ካልተነሳ አይጠፋም።

አክሰሲቢሊቲም ተፈቅዶለታል። ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። አክሰሲቢሊቲ የተሠራው ማየት ወይም ስክሪን መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነው። የተፈቀደለት አፕ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነባል፤ በባለቤቱ ፈንታም ይጫናል። «ኢንስቶል» የሚለውንም ጭምር። ጌሞቹ እንዴት እንደተመለሱ ያኔ ገባኝ።

ፈቃዱን ልነጥቀው ስሞክር ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወረውረኛል። እልህ ያዘኝ። ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሳሁት። የስልኩን ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ ይዞ፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን «ፓወር ኦፍ» ጫን አድርጎ መቆየት ነው። በሴፍ ሞድ እኛ የጫንናቸው አፖች አይሠሩም። ተኝቶ አገኘሁት። ሹመቱን ገፈፍኩ፣ ፈቃዱን ነጠቅሁ፣ ከስልኩ ነቀልኩት።

ከየት እንደገባ ዳውንሎድ ፎልደሩ ተናገረ። ደንበኛ መሳይ ሰው ሊንክ ልኳል። ሊንኩ ሲከፈት «ሰነዱን ለማየት ማንበቢያዎን ያዘምኑ» ይላል። እሷም አዘመነች። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ «እሺ» እያለች አለፈች። ሰነድ መክፈት ሥራዋ ነው፤ ምን ታድርግ?

ቢሆንም ወቀሳዬን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ድሮ ከፕሌይ ስቶር ውጭ ያለ አፕ ለመጫን ለጠቅላላው ስልክ አንድ ማብሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ወዲህ ግን ፈቃዱ ለብራውዘሩ ለብቻው፣ ለመልእክት መላኪያው ለብቻው ነው የሚሰጠው። ካልተሰጠ ስልኩ ያስቆማል። ታዲያ እሷን ለምን አላስቆማትም?

«ስፔሻል አፕ አክሰስ» ውስጥ ገባሁ። «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ከፈትኩ። ብራውዘሩ በርቷል።

ማን አበራው? እኔ ነኛ!

ከወራት በፊት የሰዓት መፈረሚያ አፕ ጭነን ነበር። ፕሌይ ስቶር ላይ ስላልነበረ በሊንክ አወረድኩት። ብራውዘሩ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ ፈቀድኩ። ጎጂ አፖችን የሚፈትሸው የጎግል ጠባቂ፣ ፕሌይ ፕሮቴክት፣ አጉረመረመ፤ እሱንም አጠፋሁት። አፑ ሠራ፤ እኔም ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ያ ማብሪያ ደግሞ ራሱን አይዘጋም።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ታዲያ ማነው የነካው?» ከማለት በቀር ብዙ አላለችም።

የብራውዘሩን ፈቃድ ዘጋሁ፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን አበራሁ። የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ መሣሪያ ላይ ቀየርኩ፤ ያ ጉድ ስክሪኑን ሲያነብ ምን እንዳየ አይታወቅምና። በመጨረሻም ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን ላይ ይህን ባደርግ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

በሳምንቱ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ማብሪያው የት እንዳለ አሳየሁ። አይፎን የያዘ አንዱ «እኔስ?» አለ። ስልኩን ለልጅ የሚሰጥ ከሆነ «ስክሪን ታይም» ውስጥ አፕ መጫንን መከልከል እንደሚችል ነገርኩት።

ጨርሼ ልወጣ ስል እንግዳ ተቀባይዋ እጇን አወጣች።

«እስኪ ያንተን ስልክ ክፈተው።»

ሁሉም ሰው እያየኝ ነው፤ ከፈትኩት። ብራውዘሩ፣ መልእክት መላኪያው፣ ፋይል ማኔጀሩ፤ ሦስቱም በርተዋል።

«ማን ነካው?» አለችኝ።