ፉርጎ በ1 ለ60፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጎጃም ውስጥ ባቡር አያልፍም። እኔ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ የምሠራቸው ትንንሽ የሞዴል ፉርጎዎች የድሮው የጅቡቲ መስመር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር ልቤ እነሱ ጋ ይሄዳል።

በዚህ ሥራ ሁልጊዜ የሚጣሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ፉርጎው ቁርጥ እውነተኛውን እንዲመስል እፈልጋለሁ። ከሃዲዱ ሳይወጣ እንዲሄድም እፈልጋለሁ። ሁለቱ ሲጋጩ የምፈርደው ለሚሄደው ነው። ግን ፍርዱ የት ላይ እንደሚወድቅ መምረጥ ይቻላል፤ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ።

ከሃዲዱ ልጀምር። በእጄ ያለው ሃዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ስለሆነ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የሚመጣው እሱን ነው። የተሠራው ለ1 ለ87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ላነሰ ሞዴል ነው፤ በ87 ስታባዙት 1435 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሃዲድ ልክ ይኸው ነው። የድሮው መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ1 ለ87 ብሠራው ሃዲዱ 11.5 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ለሜትር ሃዲድ ተብሎ የሚሸጥ 12 ሚሊ ሜትር አለ፤ እሱን ከነጎማው ማግኘት ግን ለእኔ ከባድ ነው።

ስለዚህ ሃዲዱን ትቼ ፉርጎውን አሳደግሁት። አካሉን በካርቶን የምሠራው ራሴ ስለሆንኩ ልኩን የሚወስንብኝ የለም። በ1 ለ60 ሲሠራ 16.5 ሚሊ ሜትሩ 99 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር በሉት። ፉርጎው ከሃዲዱ ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ ይወጣል፤ የሜትር ሃዲድ ባቡር መልኩ ይኼ ነው። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን ነው።

ዋጋ ግን አለው። የምጠቀምበት ጎማ ለ1 ለ87 የተሠራ ነው፤ ዲያሜትሩ 10.5 ሚሊ ሜትር። በ60 ሲባዛ 63 ሴንቲ ሜትር ነው። የብዙ የጭነት ፉርጎዎች ጎማ ግን ከ80 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ትልቅ ጎማ ፈልጌ ከመንከራተት ፉርጎውን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌ፣ የጎማውን ጎንና ጎን ጥቁር ቡናማ ቀባሁት። ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የሚያይ ሰው አይለየውም። ዝቅ ማለቱ ደግሞ ለመረጋጋት ጠቀመ። ጎማውን ሃዲዱ ላይ የሚይዘው ጠርዝም ተስማምቷል። የእውነተኛው ጠርዝ ቁመት 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ የእኔው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ለ87 ቢሆን ከ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር፤ አሁን ወደ 3.6 ወርዷል። ቀጭን ጠርዝ ያለው ጎማ ቢመጣልኝም አልለውጠውም። የእኔ ሃዲድ በጣውላ ላይ ነው፣ ጣውላው ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ከፍታ ይፈጠራል። ያን ጊዜ ፉርጎውን የሚያድነው ያ ወፍራም ጠርዝ ነው።

ክብደት ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለዚህ ሃዲድ ስፋት የሚመክረው 28 ግራም መነሻ፣ ከዚያ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ 14 ግራም ነው። የ10 ሜትር ፉርጎ በእኔ ልክ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ 123 ግራም ይጠይቃል። የካርቶን አካል የዚያን ግማሽ አይመዝንም። ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ከፊት ይጎተታል፣ ከኋላ ይከብደዋል፣ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አካሉ ለሃዲዱ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ ክብደቱ ከላይ በኩል ከሆነ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ከጋራዥ ያመጣኋቸውን ሮንዴላዎች ወለሉ ላይ በኮላ አጣብቄ ደረደርኳቸው፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲመዝኑ አድርጌ። የተዘጋው ፉርጎ ላይ ይህ ቀላል ነው። ክፍቱ ላይ ግን መደበቂያ የለም። ጤፍ ጫንኩበት። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ጆንያ በ1 ለ60 17 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከአቡጀዲ ሰፍቼ፣ አሸዋ ሞልቼ፣ አፉን በክር አስሬ ደረደርኩት። ሮንዴላው ከሥሩ ተኝቷል። የጎጃም ጤፍ በባቡር ሲጫን ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ቦጊዎቹ፣ ጎማዎቹን የሚሸከሙት ሁለቱ ጋሪዎች ማለቴ ነው። አንዱን በካቻቪቴ ጠበቅ አደረግሁት፤ ግራና ቀኝ ይዞራል እንጂ አይወዛወዝም። ሌላውን ለቀቅ አድርጌ ተውኩት፣ በሁሉም አቅጣጫ እንዲላወስ። ፉርጎው እንደ ጉልቻ በሦስት ነጥብ ይቀመጣል፣ ሃዲዱ ወጣ ገባ ቢልም አራቱም ዘንጎች መሬት ይይዛሉ። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ኩርባዬ ሬዲየሱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በእውነተኛው 27 ሜትር መሆኑ ነው። የዋና መስመር ባቡር በዚያ አይዞርም። ቦጊው ከልኩ በላይ ስለሚዞር ከወለሉ ሥር ያሉትን የፍሬን ዘንጎች ወደ መሃል ሰብሰብ አድርጌ ሠራኋቸው። ከላይ ግን የጣውላውን መስመር፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የመሰላሉን ደረጃ ሁሉ በልኩ አስቀምጫለሁ፤ እዚያ ላይ አልደራደርም።

የምፈትነው ወደ ኋላ ገፍቼ ነው። ወደ ፊት መጎተት ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ወደ ኋላ ሲገፋ በሃዲድ መገንጠያው ካለፈ፣ ያ ፉርጎ ለሥራ ደርሷል። የተዘጋውም ክፍቱም አልፈዋል። የሚቀጥለው የመንገደኛ ፉርጎ ነው። ረጅም ስለሆነ ከበሩ በታች ያለው መወጣጫ ደረጃ ኩርባ ላይ ቦጊውን ይነካል። ደረጃውን ከቦጊው ጋር አያይዞ አብሮ እንዲዞር ማድረግን እያሰብኩ ነው። የድሮውን የመንገደኛ ፉርጎ ከጎን የሚያሳይ ፎቶ ያላችሁ ብትልኩልኝ የበሩን ልክ እወስድበታለሁ።