ቆሜ ራጅ ልነሳ ባለማለቴ

ከ8 ዓመት በፊት ከባጃጅ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። አጥንቱ እንደተጣመመ ገጠመ። ውሎ አድሮ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ ሽፋን ተበልቶ አለቀና ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቤቴ የምትወስደው ዳገት ታስለቅሰኝ ጀመር። ኪኒን ወሰድኩ፣ መርፌ ተወጋሁ፤ የቀረው መገጣጠሚያውን በብሎን አስሮ አንድ አጥንት ማድረግ ብቻ ሆነ።

ጎንደር ያዩኝ ሐኪም ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። አንዱ ቆዳውን በረጅሙ ከፍቶ መሥራት፣ ሌላው በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ መሥራት ነው። ውስጥ የሚሠራው ያው ነው፦ የተረፈው ሽፋን ተፍቆ ደም ያለው አጥንት ይገለጣል፤ ከዚያ በብሎን ይጨመቃል። በካሜራ ሲሆን ግን ቁስሉ ቶሎ ይሽራል፣ የሚተኛበት ቀንም ያጥራል። እኔ ይህን ስሰማ የቀረውን መስማት ተውኩ። ካሜራው ያለው አዲስ አበባ ነው ተባለ፤ የዕቁቤን ብር ይዤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝኩ። ወረፋው ብቻ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ።

እዚያ ያየችኝ ሐኪም ራጁን ወደ መብራት አንሥታ፣ «ተኝተው ነው የተነሡት?» አለችኝ። አዎ፣ ተኝቼ ነበር። ጎንደር ራጅ ያነሣኝ ሰው አልጋው ላይ ጋደም በል ሲለኝ፣ «እኔን የሚያመኝ ስቆም ነው» ብየው ነበር። «የሐኪሙ ወረቀት ቁም አይልም» አለኝ። ወረቀቱ! እኔም ዝም አልኩ፤ ዛሬም የሚያናድደኝ ከእሱ መልስ ይልቅ የእኔ ዝምታ ነው። አዲስ አበባ ቆሜ ስነሣ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ መዝመሙ ለእኔ ለመሃይሙ ሳይቀር ታየኝ። «ይህን ያህል የተጣመመውን በካሜራ ማቅናት ይከብዳል፤ ተከፍቶ ቢሠራ ይሻላል» አለች። ተከፍቶ የሚሠራው ደግሞ ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

ተመለስኩ፤ ኅዳር ላይ በሦስት ብሎን ታሰረ። ሲጋራ አጥንት እንዳይያያዝ ያደርጋል ስለተባልኩ ከዚያ አስቀድሜ ትቼ ነበር።

ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት «በክራንች ይንቀሳቀሱ» ይላል። ጻፊው የሰፈራችንን ኮብልስቶን አላየም። በሁለተኛው ቀን ልወድቅ ስል ያተረፈችኝ የጎረቤት አጥር ናት። እኔ የምለው፣ እግር መርገጥ በሚከለከልባቸው ሳምንታት ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጉ፤ ዘመድ ቢቀየምም ለጥየቃ እሱ ይምጣ። እኔ ጥምቀትን እንኳ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት።

በሦስተኛው ወር ራጁ አጥንቱ መያያዙን አሳየ። ዳገቱን አሁን ያለ ሕመም እወጣለሁ። ቁጢጥ ማለት ግን ቀርቷል፤ በእኛ ግቢ መጸዳጃ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድም ሰው አላነሣልኝም። ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ያስተከልኩት እዚያው ውስጥ ከወደቅኩ በኋላ ነው።