ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የነቃው ፕሪንተር

እኛ ቤት ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ እና አንድ ፕሪንተር አለ። ፕሪንተሩ ዋይፋይ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር በርካሽ ያገኘሁት ጥቁርና ነጭ ሌዘር ነው። ከኋላው አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ከጎኑ ቀጭ የምትል ማብሪያ ማጥፊያ አለችው። በቃ። ሲሞቅ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል። እማዬም ሁሌ "ይሄ ነገር ቆጣሪውን በላው" ትላለች።

ድሮ በፍላሽ ነበር የምንኖረው። እህቴ ፍላሽ ይዛ ትመጣለች፣ ወንድሜ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። የወንድሜ ፍላሽ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ሁሉ የዞረ ስለሆነ ከአሳይመንቱ ጋር ቫይረስ በነጻ ያመጣል። መጀመሪያ ገመድ ላስረዝም ብዬ ነበር። የዩኤስቢ ገመድ ግን ከ5 ሜትር ካለፈ አይታመንም፤ ከሳሎን እኔ ክፍል ድረስ 9 ሜትር ነው። ሁለት ገመድ ቀጥዬ ሞከርኩ። ላፕቶፑ "ያልታወቀ ዕቃ" አለኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ አላመነኝም።

አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ተነሳሁ። ፕሪንተሩን ሳሎን ካለው ዴስክቶፕ ጋር አሰርኩትና ለሁሉም ሼር አደረግኩት። ወሬው ቀላል ነው፤ ሥራው ግን እስከ ማታ ፈጀ። ለካ ዴስክቶፑ የቤታችንን ዋይፋይ "ፐብሊክ" ብሎ መዝግቦት ኖሯል። ካፌ የተቀመጥን መስሎት ፕሪንተሩን ደብቆታል። "ፕራይቬት" ብዬ ባስተካክለው ብቅ አለ። በማግስቱ ደግሞ ጠፋ። ራውተሩ ለዴስክቶፑ በየጊዜው አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ትናንት 192.168.1.5፣ ዛሬ 192.168.1.8። ልክ እንደ ተከራይ ቤት ይቀያይራል። ቋሚ አድራሻ ሰጠሁትና ተገላገልኩ።

አንድ ችግር ቀረ። ዴስክቶፑ ከጠፋ ማንም ማተም አይችልም። መብራት በሄደ ቁጥር "ኮምፒውተሩን አብራልን" እየተባልኩ ሰለቸኝ። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርጌ አስተካከልኩት። በዚህ ብልሃቴ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ።

አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንዲት ገጽ ጻፍኩ። ርዕሷ "ለሽምግልና የሚላኩ ሰዎች" ይላል። አዎ፣ ላገባ አስቤያለሁ። ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። እማዬ ከሰማች ሠፈሩ ሰማ ማለት ነው። ዕቅዴ ይህ ነበር፤ ፕሪንት እላለሁ፣ ድምፁን ስሰማ ውኃ ልጠጣ እንደሚሄድ ሰው ተነስቼ ወረቀቷን ላፍ።

ፕሪንት አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሄጄ እንዳላየው እማዬ ሳሎን ናት፤ ነጠላዋን እየተኮሰች ድራማ ታያለች። ምን ልሥራ ብዬ እሄዳለሁ? ሰባት ጊዜ ተጫንኩ። ለካስ ሌሎቹም በየክፍላቸው እንደኔው እየተጫኑ ነበር። ለካስ ደግሞ እማዬ ካውያዋን የሰካችው የፕሪንተሩን ሶኬት ነቅላ ነው!

ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። የላክሁት ሁሉ ከመብራቱ ጋር የሄደ መስሎኛል። እማዬ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣትና፣ በሻማ ካውያዋን ነቅላ የፕሪንተሩን ሶኬት መልሳ ሰክታለች። ሥርዓት ታውቃለች።

የማላውቀው ይሄን ነበር። ወረፋ የያዘ ሥራ ዴስክቶፑ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ማንም ፓስወርድ ሳያስገባ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። በ2021 በዊንዶውስ የህትመት ክፍል ላይ የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ "ፕሪንት ናይትሜር" ተብሎ ነበር፤ የህትመት ቅዠት እንደማለት። የኛ ቤቱ ቅዠት ግን ቀዳዳም አላስፈለገው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት መጣ። በጨለማው ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ጉርርር አለና ወረቀት መትፋት ጀመረ።

"በስመ አብ ወወልድ!" የሚለው የእማዬ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ስደርስ አንድ እጇ መቁጠሪያ፣ አንድ እጇ የጸበል ጠርሙስ ይዟል፤ ክዳኑ ተከፍቷል። "እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ነው! እንዳትረጪ!" ብዬ ጮኽኩ። ወንድሜ በቁምጣ፣ እህቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ መጡ። የሚወጣው የወንድሜ አሳይመንት ነው። "የመስኖ ጥቅሞች"፣ 31 ገጽ። አራት ጊዜ ተጭኗል።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከኋላ ወረፋ የያዘው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ዴስክቶፑ ላይ ዘልዬ ወረፋውን ከፍቼ ሰርዝ አልኩ። "በመሰረዝ ላይ" አለኝ። አሁንም በመሰረዝ ላይ። እየሰረዝኩ ነው ይላል፣ ያትማል። የእህቴ ሲቪ ተከተለ፤ 2 ገጽ፣ አምስት ጊዜ። ሶኬቱን ልነቅል ስል እህቴ እጄን ያዘች። "ተው እንጂ፣ ሲቪዬ እየወጣ ነው! ጠዋት አስገባዋለሁ!"

በዚያች ቅጽበት የኔዋ ወጣች። እማዬ ነበረች አጠገቡ።

መነጽር ስላልያዘች ወረቀቷን ክንዷ እስከሚደርስ አራቀቻት። አነበበች። ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋ። ሰባቱንም እየተቀበለች ደረደረቻቸው። ሁላችንም ዝም አልን። ፕሪንተሩም ዝም አለ።

"ሰባት ቤት ነው ሽማግሌ የምትልከው?" አለችኝ።

"አንድ ነው እማዬ። ቁልፉን ደጋግሜ ስለተጫንኩ ነው።"

"የማን ልጅ ናት?"

ነገርኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። ጣቷን በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች እየጎተተች ነበር። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

"ወንድሜ የታለ?"

"እማዬ፣ ጋሼ ቁጡ ስለሆነ..."

"ወንድሜ ሳይኖርበት ሽማግሌ? ከኔ ቤት?" ከወንድሜ እስክሪብቶ ነጠቀችና ከንስሐ አባታችን ስም ቀጥሎ፣ ከሁሉም በላይ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው። ሁለት ሰዎችንም ሰረዘች። አንደኛው በዕቁብ የተጣሏት ናቸው። "በል ይሄን አስተካክልና አሁኑኑ አውጣው። አንዴ ብቻ ተጫን!"

አንዴ ብቻ ተጫንኩ። ፕሪንተሩ ቀይ መብራት አበራ። ወረቀት አልቋል። 141 ገጽ ካተመ በኋላ ምን ይጠበቅበታል?

ዝርዝሩ በመጨረሻ የታተመው በወንድሜ አሳይመንት 17ኛ ገጽ ጀርባ ላይ ነው። ጋሼም መጀመሪያ ያነበበው በዚያ በኩል ያለውን ነው። "የጠብታ መስኖ ውኃ ይቆጥባል... ይሄ ነገር ከሽምግልናው ጋር ምን አገናኘው?" ብሎ ደወለልኝ።