ስንተኛ ወጣህ?

እሁድ ከሰዓት ከሐዋሳ የሚመጣው የድምፅ መልእክት ይዘቱ አይለወጥም። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ሮጥክ አሉ! ስንተኛ ወጣህ? ስንት ሸለሙህ?» ከጀርባ ባጃጅ ይንጫረራል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር አንዱ የዓሣ ጥብስ ያዝዛል፣ ሆድ ይባባል። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን ጥቅምት ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ገና አልነጋም፣ ዝናቡም ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። ለጥያቄው መልስ አለ፤ ሐዋሳ ላይ የሚገባው ሰው ግን የለም። «ስምንት መቶ ምናምንተኛ።» ዝም ይላሉ። «ሽልማቱስ?» አንድ ሜዳሊያ፣ አንድ ሙዝ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ። «ገንዘብስ?» ገንዘብማ ተከፍሏል፤ የከፈለው ሯጩ ነው።

አለመግባባቱ አይገርምም። ሐዋሳ ላይ ጎህ ሳይቀድ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ የሚሮጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ክለብ ገብቶ ውጭ መውጣትን የሚያልም ልጅ፣ ወይ «ስኳር ጀምሮሃል» የተባለ ጎልማሳ። ለጨዋታ መሮጥ የታላቁ ሩጫ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ያ 10 ኪሎ ሜትር ካናቴራ ለብሶ፣ እየዘፈኑ የሚጨረስ ነው፤ እዚያ ሕዝብ መሀል «ስንተኛ ወጣህ?» ያለ ሰው ይሳቅበታል። እንግሊዞች ግን ጨዋታውንም እንደ ሥራ ነው የሚይዙት። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ቅዳሜና እሁድ 10 ኪሎ ሜትር አለ፣ ግማሽ ማራቶን አለ፣ በጭቃና በኮረብታ የሚሮጥ አለ። ሃያ ሠላሳ ፓውንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከፈላል፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ከወራት በፊት ቦታ ይሞላባቸዋል።

አዲስ ለመጣ ሰው በነፃው መጀመር ነው የሚያዋጣው። ፓርክራን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሯጮች የተጀመረ፣ ዛሬ በየሰፈሩ ያለ 5 ኪሎ ሜትር ነው። አንዴ በኢንተርኔት ተመዝግበህ ባርኮድህን ታወጣለህ፣ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት መገኘት ብቻ ነው። ባርኮዱን ረስተህ ከመጣህ መሮጡን ትሮጣለህ፣ ሰዓትህ ግን አይመዘገብም። ለምነህ አይሆንም፣ አትድከም።

ስለ ሰዓት ከተነሳ፦ የተላከልህ ወረቀት ላይ «9» የሚለው የኛ 3 ሰዓት ነው። ይህን ማን ይስታል ትላለህ፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ያደረ ሐበሻ ይስታል። ደግሞ መጋቢት ላይ ይጠንቀቁ። በአውሮፓ አቆጣጠር የማርች የመጨረሻ እሁድ ሌሊት እንግሊዝ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች፤ ብዙ ግማሽ ማራቶን የሚውለውም በዚያው ሰሞን ነው። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፣ የግድግዳ ሰዓት አያስተካክልም። «ሐበሻ ቀጠሮ» እዚህ አይሠራም፤ አስር ደቂቃ ካረፈድክ የምታገኘው የተጣለ ብርጭቆ የሚለቅም ሰው ነው። የሽንት ቤቱ ሰልፍ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ እንግሊዝ ደግሞ ሰልፍ ሲወድ ለብቻው ነው።

ውርደቱ የሚጀምረው መነሻው ላይ ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች ሰውን በሚገባበት ሰዓት ከፋፍለው በአጥር ያቆማሉ፤ ፈጣኑ ከፊት፣ የሚራመደው ከኋላ። ስትመዘገብ «በስንት እገባለሁ ብለህ ትገምታለህ?» የሚሉህ ለዚህ ነው። ሐበሻ እዚህች ላይ ይዋሻል። ግማሽ ማራቶን ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው 1:30 (አንድ ሰዓት ተኩል) ብሎ ይሞላል፤ የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ከኋላ ሊቆም ነው እንዴ? ትንንሾቹ ላይ አጥር የለም፣ ግን ይብሳል እንጂ አይሻልም። ከኋላ ቆመህ ጎንህ ያለው «ከየት ነህ?» ይልሃል፣ «ከኢትዮጵያ» ትላለህ፣ በቃ፤ ሰዉ መንገድ እየለቀቀ ወደ ፊት ያሳልፍሃል። እንቢ ማለት ነውር ይመስልሃል፣ ትሄዳለህ።

ሽጉጡ ሲተኮስ እግርህ ከፊተኞቹ ጋር ይነጉዳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ግማሽ ማራቶንን (21.1 ኪሎ ሜትር) በ1:50 ለመግባት አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገደማ መሮጥ ይበቃል። ከፊት የተሰለፈው የመጀመሪያውን በ4 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የተረፈችው 73 ሰከንድ ትርፍ ትመስላለች፤ የአራጣ ብድር ናት። ጡንቻ ያጠራቀመው ስኳር ቶሎ ይቃጠልና 13ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭን ድንጋይ ይሆናል። በዚያ ላይ ምልክቱ በማይል ነው። «8» የሚል ሰሌዳ ስታይ 13 ኪሎ ሜትር ሊሞላህ ነው፤ የቀረህ 5 ማይል ደግሞ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለ1:50 የማይሉ ሒሳብ 8 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገደማ ነው፤ እጅህ ላይ ጽፈኸው ግባ።

ከዚያ ማለፍ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ወጣቶቹ፣ ይሁን። ቀጥሎ ሙዝ የለበሰ ሰው፤ የሙዝ ሥዕል ያለበት ካናቴራ አይደለም፣ ከአናቱ እስከ ጉልበቱ ራሱ ሙዝ የሆነ ሰው፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እየሰበሰበ። በመጨረሻ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ እማማ ጎንህ ይደርሱና «ጎበዝ፣ በርታ፣ ልትደርስ ነው» ብለውህ ያልፋሉ። ከልባቸው መሆኑ ነው የሚያንገበግበው። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ማሊያ ከለበስክማ አለቀልህ። መንገድ ዳር ያሉት ሕፃናት በእንግሊዛዊው ሯጭ ስም «ሞ ፋራ!» እያሉ ይጮኹልሃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ በእንግሊዝ፣ በታላቁ ሰሜን ሩጫ፣ ቀነኒሳ ሞ ፋራን በአንድ ሰከንድ ቀድሞት እንደገባ፣ ኃይሌም ሦስተኛ እንደሆነ፣ ዓመት ቀድሞ ደግሞ ጥሩነሽ በመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗ እዚያው እንዳሸነፈች ቆሞ ማስረዳት ያምርሃል። ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ነው።

ማሊያውን ልበስ፣ ማን ከለከለህ። የምትቆመው ግን እግርህ ባለበት ቦታ ይሁን። የግልህን ሰዓት ቺፑ፣ ማለትም ትንሿ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት መዝጋቢ፣ ከመነሻው መስመር ጀምሮ ይይዝልሃል፤ ከኋላ ብትነሳ የምታጣው ነገር የለም። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ የደረት ቁጥሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ቁጥሩን አትጠፈው፣ አትሸፍነው፣ በአራት መርፌ ቁልፍ ከፊት አሲዘው። ጀርባው ላይ የሚደወልለት ሰው ስልክና ያለብህን ሕመም ሙላ። ሥራ ቀርቶብህ መሮጥ ካልቻልክም ቁጥሩን ለጓደኛ አትስጥ። በኛ ቤት ደግነት ነው፤ እዚህ ግን ሰውየው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሐኪሙ የሚያነበው ያንተን ሕመም፣ የሚደውለውም ያንተ ሚስት ጋ ነው። ያንቺን ቁጥር ወስዶ የሮጠ ጎረምሳ ደግሞ በሴቶች ምድብ አንደኛ ወጥቶ ፎቶው ይለጠፋል። ሁለታችሁም ትታገዳላችሁ።

ከአስፋልት የወጣው ሩጫ ሌላ ዓለም ነው። ኮረብታውን «ፌል» ይሉታል፤ ከባሕር ወለል ሲለካ ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ያንሳል፣ ያየው ሐዋሳዊ ይንቀዋል። የሚጥለው ከፍታው ሳይሆን ጭቃውና ብርዱ ነው። የአስፋልት ጫማ እርጥብ ሣር ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ ሶሉ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ይፈለጋል፣ ክሩ ሁለቴ ይቋጠራል፣ አለዚያ ጭቃው ጫማውን ከእግርህ አውልቆ ያስቀረዋል። በረዥሞቹ ላይ ዕቃ ሳትይዝ አያስነሱህም፦ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ የራስ ቆብ፣ ጓንት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ የሚበላ ነገር። ቦርሳህን አስከፍተው ያያሉ። ሐበሻ የሚወድቀው ጃኬቱ ላይ ነው፤ ርካሹ ጃኬት ካፊያ ይመልሳል እንጂ ዝናብ አይችልም። ገልብጠህ ስፌቱን እይ፤ ከውስጥ በቴፕ ካልታሸገ አይቀበሉህም። ፊሽካውም ለጌጥ አይደለም። ከወደቅክ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ነፍተህ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቀህ፣ ትደግማለህ። የዕቃውን ፎቶ ሐዋሳ ከላክህ «ዳኛ ሆንክ እንዴ?» ይሉሃል፣ ቻለው።

አንድ የምንኮራበት ነገር አለን። መንገዱ ከብት በተሰማራበት ሜዳ ሲያቋርጥ እንግሊዙ ቆሞ ይመካከራል፤ ሐበሻ «ሃይ!» ብሎ ያልፋል። ጥጃ ያላት ላም ካየህ ግን አንተም ዙር። የከፈትከውንም በር መልሰህ ዝጋ፤ ገበሬው ከተቀየመ በሚቀጥለው ዓመት በመሬቱ አያሳልፍም።

አሁን ዋናው ነገር። መሀል መንገድ ላይ አቅም ያልቃል፣ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፣ አቋርጦ መውጣት ይመጣል። እንግሊዙ በአቅራቢያው ላለው አስተባባሪ «አቋርጫለሁ» ብሎ ቁጥሩን ያስመዘግባል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። የኛ ሰው ያፍራል። «ኢትዮጵያዊው አቋረጠ» እንዳይባል ጃኬቱን ቁጥሩ ላይ ዘግቶ፣ በአጥሩ ሹልክ ብሎ፣ አውቶቡስ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። ኮረብታው ላይ ግን ቆጠራ አለ። የተነሳው ሰው ቁጥርና የገባው ካልገጠመ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን ይጠራል። ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ እሁድ ማታ ከእራታቸው ተነስተው፣ ባትሪ ይዘው፣ በዝናብ ጥሻ ለጥሻ ይፈልጉታል። እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ፍለጋው የሚያበቃው ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ ነው፤ ከአንድ ሰው የሸሸው እፍረት መንደሩን ሁሉ ይዞ ይመጣል። እና ተናገር። አቋረጥኩ በል። ቆመህ ላብህ የደረቀ እንደሆነ በዚያ ንፋስ አስር ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ትጀምራለህ፤ የአልሙኒየም ብርድ ልብስ የሚሰጡህም እነሱ ናቸው።

ሐዋሳ ሆናችሁ «የሱ እግር ከኔ አይሻልም፣ እኔ ብሄድ ጠራርጌ እበላቸዋለሁ» ለምትሉት፦ ልትበሏቸው ትችላላችሁ። ግማሽ ማራቶን በ1:05 የሚሮጥ ልጅ ብዙውን የክፍለ ሀገር ውድድር ያሸንፋል። የሚሸለመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት ዕቃ መግዣ ኩፖን ወይም አንድ ጠርሙስ ወይን ነው፤ የኮረብታው ላይ ኬክም ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ በኬክ አይከፈልም። ገንዘብ ያላቸው ውድድሮች ሰው የሚጠሩት በማናጀር በኩል ነው፣ የፌደሬሽን ፈቃድም ይፈለጋል። እውነተኛ ማናጀር የሚወስደው ስታገኝ በመቶኛ ነው፤ «ለቪዛ ማስጨረሻ» ብሎ ቀድሞ ብር የሚቀበል ሰው ከመጣ ቤት አታሽጡ። በውድድር ቪዛ ገብቶ ጠፍቶ የቀረም ከኋላው ያለውን ልጅ በር ይዘጋል። ራሱም መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሥራ ያገኛል፣ ልምምዱም እዚያው ያበቃል።

ሳንባችሁንም አትመኑት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከዚያ የወረደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚበር ይመስለዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ደሙ ከቆላው ጋር ይላመዳል፣ ልዩነቱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ለእረፍት የመጣ ዲያስፖራ፣ የሁለት መቶ ፓውንድ ጫማ አድርጎ፣ ታቦር ግማሽ ላይ ወገቡን ይዞ የሚቆመው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ ብሎ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት መሮጥ ነው። የሐይቁ ዳር ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንዳይስቁበት።

ከአገር ቤት ይዞ የሚመጣ ነገር ካለ በሶ ነው። ሯጩ ሁሉ በየመንገዱ የሚመጠው ጄል አንዱ ሁለት ፓውንድ ገደማ ነው፣ ውሃ ካልተጠጣበትም ሆድ ያጉረበርባል። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ሩጫ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል ሰጪው ንጥረ ነገር) ይበቃል፤ በሶ በማር ጠበቅ ተደርጎ ተለውሶ፣ በእንክብል መጠን ተጠቅልሎ በላስቲክ ሲያዝ ሥራውን ይሠራል። ደረቁን አትቃም፤ እየሮጡ ሲያስል መከራ ነው። ልምምድ ላይ ያልሞከርከውን በውድድር ቀን አትብላ።

ጥያቄውስ? እሁድ ይመጣል፣ አይቀርም። «ከሙዙ በፊት ገብቻለሁ» ብትላቸው «ሙዝ ነው እንዴ የሚሸልሟችሁ?» ነው የሚሉህ።