ማውንት እምቢ ያለ ዲስክ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

ብዙ ሰው ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ዲስኩ አሮጌ ማሽን ላይ ማውንት አልሆን፣ ማለትም አልከፈት ሲለው ተበላሸ ብሎ ፎርማት ለማድረግ ይቸኩላል፣ እባካችሁ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ፊቸር ፍላጎቹን እዩ፣ ዲስኩ የትኞቹን ፊቸሮች እንደሚጠቀም የሚናገሩ ቢቶች ናቸው።

ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ለፍላጎቹ ሦስት ባለ 32 ቢት ቦታዎች አሉ፣ ኮምፓት፣ አርኦ ኮምፓትና ኢንኮምፓት ይባላሉ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የማያውቀውን ቢት ኮምፓት ላይ ካገኘ ችግር የለም፣ ያነባል ይጽፋል። አርኦ ኮምፓት ላይ ከሆነ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ ኢንኮምፓት ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ማውንት አያደርግም። የቨርዥን ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ መሆኑን እንጂ ሌላ አይነግረንም ነበር፣ ይሄ የሦስት ቦታ አከፋፈል ግን ፊቸሩን የማያውቅ ከርነል ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ሜታዳታ ቼክሰምን (የፋይል ሲስተሙ መዝገቦች አለመበላሸታቸውን ማረጋገጫ ቁጥር) ውሰዱ፣ አሮጌ ከርነል ቢያነበው ምንም አይሆንም፣ ከጻፈበት ግን ቼክሰሙን ሳያድስ ስለሚሄድ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ አርኦ ኮምፓት ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የጆርናሉ ነገር ነው፣ ጆርናል ማለት ለውጦች ቦታቸው ላይ ከመጻፋቸው በፊት የሚመዘገቡበት ነው። የኤክስት4 ቀዳሚ የሆነው ኤክስት3 በ2001 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሲገባ ጆርናል መኖሩን ኮምፓት አደረጉት፣ በደንብ አንማውንት የተደረገ ዲስክ ላይ ጆርናሉ ባዶ ስለሆነ የድሮው ኤክስት2 እንደራሱ አድርጎ ይከፍተዋል። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን ጆርናሉ ውስጥ ያላለቀ ሥራ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ሪከቨር የሚባል ሌላ ቢት ኢንኮምፓት ላይ እንደበራ ስለሚገኝ ኤክስት2 አይነካውም፣ ጆርናሉ ተነቦ ሲያልቅ ቢቱ ይጠፋል። ፊቸሩ መኖሩና አሁን ሥራ ላይ መሆኑ በሁለት ቢት ተለያየ ማለት ነው፣ በጣም የታሰበበት ሥራ ነው! በ2021 እ.ኤ.አ. ከርነል 5.15 ላይ ኦርፋን ፋይል (ስማቸው ተሰርዞ ገና ክፍት የሆኑ ፋይሎች የሚመዘገቡበት) ሲመጣም ያንኑ ዘዴ ነው የተጠቀሙት፣ ፋይሉ ኮምፓት ሆኖ ውስጡ የሆነ ነገር ሊኖር ሲችል ግን አርኦ ኮምፓት ላይ ቢት ይበራል።

ችግር የሚያመጣው ዲፎልቱ፣ ማለትም ፎርማት ሲደረግ በራሱ የሚበራው የፊቸር ዝርዝር፣ ሲቀየር ነው። ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ (የኤክስት4 መሣሪያ ፕሮግራሞች) 1.47.0 በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኦርፋን ፋይልንና ሜታዳታ ቼክሰም ሲድን (ቼክሰሙ የሚሰላበትን መነሻ ቁጥር ሱፐርብሎኩ ውስጥ የሚያስቀምጠውን) ዲፎልት አደረጋቸው፣ ሁለተኛው ኢንኮምፓት ስለሆነ ከ4.4 በታች ያለ ከርነል ጨርሶ አይከፍተውም፣ የማያውቀው ግራብም (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቡት አያደርግበትም። ኢ2ኤፍኤስሲኬ (ዲስኩን መርምሮ የሚጠግነው ፕሮግራም) ደግሞ ከከርነሉም ይብሳል፣ የማያውቀው ኮምፓት ቢት እንኳን ካለ አዲስ ቨርዥን አምጡ ብሎ ያቆማል፣ ትክክልም ነው፣ የማያውቀውን ነገር እንዴት ይጠግናል?

ስለዚህ ከአሮጌ ሰርቨር ጋር የምትጋሩት ዲስክ ከሆነ ፎርማት ስታደርጉ ኦርፋን ፋይልንና ሜታዳታ ቼክሰም ሲድን አጥፏቸው። ዳታ ካለበትም ሁለቱን ፊቸሮች በቲውን2ኤፍኤስ (የፋይል ሲስተሙን ቅንብር መቀየሪያ ፕሮግራም) ማጥፋት ይቻላል፣ ዲስኩ አንማውንት ይሁን ብቻ።